የጉያቱ አገጭ

ጉያቱ ዳዳቻ በነገሌ ቦረና ያልነካችው ፊት አልነበረም ማለት ይቻላል። የባሏ የቢረሳው ፎቶ ቤት ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። እሱ ያነሳል፤ እሷ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ታስተካክላለች። የሙሽራ ብጉር ታጠፋለች፣ ፀሐይ ያከሰለውን ግንባር ታፈካለች፣ የረገበ ጉንጭ ትሰበስባለች። ለመታወቂያ የተነሱ አዛውንቶች ሳይቀሩ ፎቷቸውን ተቀብለው ሲያዩ "ይቺ ልጅ ዕድሜ ትቀንሳለች" እያሉ መርቀዋት ይወጣሉ። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች መካከል ግን የራሷ አንድም አልነበረም።

ምክንያቱ አገጯ ነበር። ከአገጯ ሥር ደልደል ያለ ለስላሳ ሥጋ እስከ አንገቷ መሃል ይወርዳል። ሰውነቷ ሸንቃጣ ሆኖ ሳለ አገጯ ብቻ የሌላ ሰው ይመስላል። የሌላ ሰውም ነው፤ የአባቷ። ዳዳቻ በከብት ገበያ ስሙ የታወቀ ደላላ ነበር፤ ሲስቅ እሱ ሳቁን ከጨረሰ በኋላ እንኳ አገጩ ትንሽ ሲርገበገብ ይቆያል ይሉታል። ልጅ ሳለች ሜጋ ብትሄድ ያቤሎ፣ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች "አንቺ የዳዳቻ ልጅ አይደለሽም?" ይሏታል። ያኔ ደስ ይላት ነበር። አባቷ ከሞተ በኋላ ደግሞ መስታወት ፊት ስትቆም እሱን ስለምታይ እንኳንም ወረስኩት ትል ነበር። ፎቶ ግን አትወድም። ፎቶ ላይ የአባቷ አገጭ አባቷን ትቶ አገጭ ብቻ ይሆንባታል።

ቢረሳው ይህን ሁሉ ያውቃል። አባቱ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ነገሌ ተወልዶ አድጎ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። ጉያቱን ሲያገባት እናቱ ወይዘሮ ወለተሐና ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ከልጃቸው ይልቅ ምራታቸውን የሚሰሙ ሆኑ። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ ቢረሳው ስለ አገጯ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሰው ሲያነሳ የማን አንገት ከየት ቢታይ እንደሚያምር የሚያውቅ ሰው የእሷን በዝምታ ማለፉን ጉያቱ እንደ ፍቅር ትቆጥረው ነበር።

ከአንድ የሜጋ ሰርግ በተመለሱ በሳምንቱ ግን ቢረሳው ቪዲዮውን ሲቆራርጥ ቆይቶ ጠራት።

"ጉያ፣ እስኪ ነይ ይቺን እያት።"

መጥታ ከትከሻው በላይ አየች። የሙሽራዋን ቬሎ ስታስተካክል ካሜራው ከጎን ይዟታል። ምስሉን እዚያው ላይ አቁሞታል።

"ካሜራ ክፉ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ አንቺን እንዲህ አላይሽም። ሌላው ሰው ግን የሚያይሽ እንዲህ ነው። አልናገርም ብዬ ስንት ዓመት ያዝኩት።"

ጉያቱ ወደ ክፍሏ ተመልሳ የአንዲት ልጅ ፎቶ ላይ መሥራቷን ቀጠለች፤ የምትሠራው ግን አይታያትም ነበር። ስንት ዓመት ያዝኩት የሚለው ነገር ሆዷ ገባ። እንደ ፍቅር የቆጠረችው ዝምታ ለካ ትዕግሥት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በትንሽ በትንሹ መጣ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አዲስ አበባ የአገጭና የአንገት ቅርጽ የሚያስተካክል ሐኪም አለ ተባለ። ሌላ ቀን ብዙም እንደማይቀድዱ፣ በትንሽ ቀዳዳ ስቡን መጥጠው እንደሚያወጡና የላላውን ቆዳ እንደሚሰበስቡ ተነገራት። በመጨረሻ ቢረሳው እጇን ይዞ "አባቴ ያወረሰኝን ቦታ ልሸጠው ነው። ላንቺ ካልሆነ ለማን ይሆናል?" ሲላት ጉያቱ አለቀሰች። ያ ቦታ ቤት ሊሠሩበት ሲመኙት የኖሩት ነው። አንድ ሰው ለእሷ ሲል የአባቱን መሬት ይሸጣል ብላ አስባ አታውቅም። እምቢ ብትል ፍቅሩን እንደመግፋት መሰላት። እሺ አለች።

ለሰው የተናገረችው መንጋጋ ጥርሷን ልትታከም እንደምትሄድ ነው። ለወይዘሮ ወለተሐናም ለወንድሟ ለዶዮም ያንኑ ነገረቻቸው። "ይህ በእኔና ባንተ መካከል ይቅር" ብላ ቢረሳውን ለመነችው፤ እሱም በእናቱ ስም ማለላት።

ክሊኒኩ አዲስ አበባ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ሐኪሙ ለስላሳ ንግግር ያለው ወጣት ነው። ከወንበር ላይ አስቀምጦ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከአገጯ ሥርና በአንገቷ ግራና ቀኝ መስመር ሲያሰምርባት ቢረሳው ካሜራውን አውጥቶ ቆሞ ነበር።

"ካሜራው ምን ያደርጋል?" አለችው።

"ሐኪሙ ነው የጠየቀኝ። ከመሠራትሽ በፊትና በኋላ ያለውን ሊያነጻጽሩበት ነው፤ ከእነሱ ፋይል አይወጣም።"

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጉያቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዚያ ጎኗ መነሳት አትወድም ነበር፤ ግን የባሏ ካሜራ ነው። መርፌው ክንዷ ላይ ሲገባ የጣሪያው መብራት እየራቀ ሄደ፤ የመጨረሻ የምታስታውሰው የቢረሳው እጅ ግንባሯ ላይ ማረፉን ነው።

ከዚያ ቀጥለው የነበሩት ቀናት በኋላ ሲታወሷት ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠሏት ናቸው። አገጯና ጆሮዋ ዙሪያ በጠባብ ማሰሪያ ተጠቅልሎ፣ አፏን በወጉ መክፈት አቅቷት፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ተኝታ ነበር። አንገቷ አብጦ ጠቁሯል፤ ሲነኩት የሌላ ሰው ቆዳ ይመስል አይሰማትም። ቢረሳው ሾርባ አስሠርቶ እያቀዘቀዘ በማንኪያ ያጎርሳታል። ትራሷን ያስተካክላል። አንድ ቀን ማሰሪያው ሲፈታ የፈሰሰውን በጥጥ ጠርጎ፣ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አያት። እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። ጉያቱ እየተሰቃየችም ደስተኛ ነበረች።

ነገሌ ሲመለሱ እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። አገጯ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንገቷ ረዘመ። ሰው "ከሳሽ፣ ጥርስ እንዲህ ይጎዳል?" ይላታል፤ እሷ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ትስቃለች። ወይዘሮ ወለተሐና ብቻ፣ በወጣትነታቸው የተነቀሱትን አንገታቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ ትኩር ብለው አይተዋት "ጥርስ ነው ያልሽኝ?" አሏት። "አዎ እማማ" አለች። ሌላ አልጠየቋትም።

ወንድሟ ዶዮ ያቤሎ ከብት የሚነግድ ሰው ነው። ሊጠይቃት መጥቶ በር ላይ እንዳገኛት ሰላምታውን አቋርጦ ቆመ።

"አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?" አለ በመጨረሻ።

"ናጋ፣ ሰላም ነው። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታየኝ?"

"ምንም። ወደ ነገሌ ስመጣ ሁልጊዜ አንቺን ሳይ አባንም ያየሁ ይመስለኛል። ዛሬ አንቺን ብቻ አየሁ።"

ጉያቱ ያንን ቃል ሰምታ ወደ ውስጥ ገባች። ያኔ የተሰማት ሐዘን እንጂ ቁጭት አልነበረም። የመረጠችው እሷ ናት፤ እንዲያ ነበር የመሰላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢረሳው ዕቃ ገዝቶ ለመምጣት አዲስ አበባ ሄዷል። ከሕክምናዋ ወዲህ ለዕቃ የሚሄደው ቶሎ ቶሎ ሆኗል። ስንቄ የምትባል ከተልተሌ የመጣች ልጅ ለሰርጓ ፎቶ ልትነጋገር ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች። ጉያቱ ዋጋና ቀን እያስረዳቻት ሳለ ልጅቷ አንገቷን ደጋግማ ታያለች።

"አንቺ ነሽ አይደል?" አለች ስንቄ በመጨረሻ፣ እንደ ማፈርም እንደ መደሰትም እያለች።

"ማን?"

"ቲክቶኩ ላይ ያለሽው። እኔም እዚያ ሐኪም ቤት መሄድ ፈልጌ ነው። ያማል እንዴ? ለመቀለድ እንዳይመስልሽ፣ የእውነቴን ነው።"

ጉያቱ ስላልገባት ልጅቷ ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት።

መጀመሪያ የመጣው የሜጋው ሰርግ ምስል ነበር፤ ቬሎ ስታስተካክል፣ ከጎን። ቀጥሎ ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት አንገቷ። ቀጥሎ ደግሞ እሷ የማታውቀው ነገር፤ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ፣ አፏ ተጣሞ፣ ምራቋ በጉንጯ እየወረደ፣ ከመድኃኒቱ ሙሉ ለሙሉ ሳትነቃ። እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ "አባ፣ ሂንዴሚን። አባ፣ ሂንዴሚን" ትላለች። ከሥሩ በአማርኛ "አባ፣ አትሂድ" ተብሎ ተጽፎ፣ ዳር ዳሩን የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። የሚያስቅ ሙዚቃም ገብቶበታል። መጨረሻ ላይ አዲሱ አገጯ በወርቃማ ብርሃን እየዞረ ይታያል፤ ከክሊኒኩ ስልክ ቁጥር ጋር።

ስልኩን ለልጅቷ መለሰችላት። "አያምም" አለቻት። የቀጠሮዋን ቀን ጻፈችላት፤ በሩ ድረስም ሸኘቻት። ከዚያ ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ክሊኒኩ ነው ያወጣው ብላ ማሰብ ትችል ነበር። ለትንሽ ጊዜም እንዲያ ልታስብ ሞከረች። ነገር ግን በዚያ ክሊኒክ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነርሷ ውሃ ልትሰጣት ስትፈልግ እንኳ በቢረሳው በኩል ነበር የምታናግራት፤ ጉያቱ በሕመም ውስጥ አማርኛው ይጠፋባት ነበርና። ያንን ቃል ሰምቶ የተረጎመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወርቃማው ብርሃንም ቢሆን ቢረሳው ለእያንዳንዷ ሙሽራ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ነው።

ቢረሳው በማግስቱ ሲመጣ ዕቃውን እንኳ ሳያስቀምጥ ጠየቀችው።

"ቦታውን ለማን ሸጥከው?"

ወዲያው ገባው። ቦርሳውን ቀስ ብሎ አወረደ።

"አልተሸጠም" አለ። "ሳይሸጥ ተሳካ። በነጻ ሠሩልሽ። ደስ ይለሻል ብዬ ቆይቼ ልነግርሽ ነበር።"

"በነጻ?"

"ለማስታወቂያ የሚሆን ሰው ይፈልጉ ነበር። ልዩነቱ በደንብ የሚታይ ሰው። አሁን ሥራቸውን ሁሉ የምቀርጽላቸው እኔ ነኝ። ለእኛ ነው ጉያ፣ ለቤታችን ነው። ደግሞስ አምረሻል፤ ምን ጎደለብሽ?"

"መቼ ነው የተዋወቅካቸው?"

"ምን ለውጥ ያመጣል?"

"መቼ ነው?"

ቢረሳው ወደ ግድግዳው ፎቶዎች አየ። "የሜጋው ሰርግ ላይ። ከአዲስ አበባ የመጣው የሙሽራው ሚዜ ክሊኒኩ ውስጥ ነው የሚሠራው።"

ጉያቱ ቀኑን አሰላች። ከሰርጉ በተመለሱ በሳምንቱ ነበር የጠራት። አልናገርም ብዬ ስንት ዓመት ያዝኩት ያላት ያኔ ነው። ስለዚህ ስንት ዓመት የያዘው ምንም ነገር አልነበረም። ሰውየው ሚስትህ ትሆነናለች ስላለው ነው፤ ያኔ ነው አገጯ ያስጠላው፤ ወይም አስጠላኝ ያለው። የአባቷን አገጭ ያስጣላት ውሸት ነው።

"ያልኩትን ለምን ጨመርክበት?" አለችው። "ስለ አባቴ ያልኩትን?"

"ሰው እንዲያየው ነው። እንዲያ ካልሆነ ሰው አያይም። ተኝተሽ ነበር እኮ፣ የሚያሳፍር ነገር አልተናገርሽም።"

"ተኝቼ ነበር" አለች ጉያቱ። "አዎ። ተኝቼ ነበር።"

ልብሷን ሸክፋ አማቷ ቤት ሄደች። ወይዘሮ ወለተሐና ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ልጄ ነው፤ ምን ብዬ ልርገመው" አሉ። "ግን በእኔ ስም ምሎልሽ ከሆነ እኔንም አብሮ ሸጦኛል።"

ዶዮ ከያቤሎ መጣ። ሽማግሌዎች በወይዘሮ ወለተሐና ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሸንጎው አዋቂ አባ ጎሊቻ የሚባሉ፣ ከዳዳቻ ጋር ከብት ሲያሻሽጡ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ቢረሳው ከአንድ ወገን፣ ጉያቱ ከሌላው ሆነው ተጠየቁ።

"መታሽ?" አሏት አንዱ ሽማግሌ።

"አልመታኝም።"

"ሌላ ሴት ያዘ?"

"አልያዘም።"

"ታመሽ ትቶሽ ሄደ?"

"አልሄደም። በማንኪያ ያጎርሰኝ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከእነሱ አንዱ እየሳቁ "እንዲህ ያለ ባል ይከሰሳል እንዴ?" አሉ። ጉያቱ በደሏን እንዴት ብላ እንደምትጠራው ጠፋት። ለስርቆት፣ ለድብደባ፣ ለውስልትና ቃል አለ። ለዚህ የሚሆን ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ፈለገች፤ አላገኘችም።

"ተኝቼ ሳለሁ ፊቴን ለሰው ሰጠው" አለች። "እኔን ሳይጠይቀኝ። ሲሰጠው ደግሞ ሰው እንዲስቅብኝ አድርጎ አዘጋጅቶ ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አሉ አባ ጎሊቻ።

"አባ ጎሊቻ፣ አንቱ ይዩት። እኔ መናገሩ አቃተኝ።"

ዶዮ ስልኩን ከፍቶ ሰጣቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ሙዚቃው ተሰማ። ከዚያ የጉያቱ ድምፅ። አዛውንቱ አንድ ጊዜ ሰምተው ጨረሱና ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው አስቀመጡት።

"ይህን ቃል አውቀዋለሁ" አሉ። "ዳዳቻን ልንቀብር ስናወጣው ከደጁ ላይ እንዲሁ እያለች ስትጣራ ሰምቻለሁ።" ወደ ቢረሳው ዞሩ። "አንተ ቋንቋችንን ታውቃለህ። በዚያ ቀብር ላይም ነበርክ። ስትጽፈው ምን እንዳለች ገብቶሃል፣ ነው?"

"ገብቶኛል" አለ ቢረሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ገብቶህ ነው የሳቅ ዜማ ያገባህበት?"

ቀድሞ የሳቁት ሽማግሌ አቀርቅረው በትራቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር። ጉያቱ ቪዲዮውን ካየች ወዲህ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው፤ በደሏን የሚያውቅላት ሰው ስላገኘች።

የተወሰነው ቪዲዮው ከቲክቶክ ላይ እንዲነሳና ቢረሳው በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ነው። እዚያው ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ለክሊኒኩ ደውሎ አስነሳው። ያየው ግን አይቶታል፤ የወሰደውም ወስዶታል። ከዚያ በኋላ ጉያቱ በገበያ ስታልፍ አንዳንድ ጎረምሶች "አባ፣ ሂንዴሚን" እያሉ ከኋላዋ ይጣሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ሲሏት "ተመልሼ ምን ልሁን?" ብላ ጠየቀቻቸው። ከዶዮ ጋር ያቤሎ ሄደች።

ያቤሎ በትልቁ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች። እሷው ታነሳለች፣ እሷው ታስተካክላለች። ሰው ከመነሳቱ በፊት "ይህን ፎቶ የት ነው የምታደርገው?" ብላ መጠየቅ ጀመረች፤ አንዳንዱ ይገርመዋል። አገጯን መስታወት ውስጥ ስታየው ያምራል፤ ያምራል ማለት ነውር እንዳልሆነም ታውቃለች። ግን ሊያምር የተሠራው ለማን እንደሆነ ስታስብ መስታወቱን ትተወዋለች።

ክረምቱ አልፎ ቢረሳው ብቻውን መጣ። ከስቷል። ካሜራ አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ ግባ እስክትለው ጠበቀ፤ ወንበር ሰጠችው።

"የክሊኒኩን ሥራ ትቻለሁ" አላት። "እማማ ከጉያቱ ጋር ካልታረቅህ ቤቴ አትግባ ብላኛለች። እኔ ግን የመጣሁት ለእሷ ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ያንን ቀን ብመልሰው ደስ ባለኝ። ጉያ፣ ይቅር በይኝ።"

ጉያቱ ብዙ አየችው። ውሸት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የቢረሳው ዓይን ሲዋሽ አንድ ቦታ አይቆምም፣ አሁን ቆሟል። በልቧ የነበረው ቁጣ እንደ ቀድሞው ትኩስ አልነበረም።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። "ከልቤ ነው።"

ፊቱ በራ። "እንግዲያው እንሂዳ። ዕቃሽን እኔ እሸክፈዋለሁ።"

"አልሄድም።"

"ይቅር ካልሽኝ ለምን?"

"ይቅር ስልህ ያጠፋኸው ቀረልህ እንጂ የነበረው አልተመለሰልኝም።" ድምፅዋን አላነሳችም። "ከአንተ ጋር ልበላ እችላለሁ። ልሠራ እችላለሁ፣ ብትታመም አስታምምሃለሁ። አንተ ባለህበት ግን ዓይኔን ልጨፍን አልችልም። ሞክሬዋለሁ፤ በሐሳቤ እንኳ እምቢ ይለኛል። ከባሏ ጋር ዓይኗን የማትጨፍን ሴት ምን ሚስት ናት?"

ጉያቱ ውሃ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላት። በዚህ መሃል አንዲት እናት ልጇን ለትምህርት ቤት ፎቶ ልታስነሳ መጥታ በር ላይ ቆመች። ጉያቱ ግቡ አለቻቸው። ቢረሳው ወንበሩን ለእነሱ ለቆ ተነሳ፤ "ደህና ሁኚ" አለ። "ለእማማ ሰላም በልልኝ" አለችው።

በከሰዓት በኋላው መኪና ወደ ነገሌ ተመለሰ። ጉያቱ የልጅቷን ትከሻ ቀና አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፤ እናትየዋን ያንኑ የለመደችውን ጥያቄ ጠይቃ መልሷን ከሰማች በኋላ ፎቶውን አነሳች።